በታመመ ጉሮሮ ስለተነበበው የጥሪ ካርድ

ለክቡር የማተሚያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ይህን የምጠይቅዎ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ጸሐፊ ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ በእርስዎ ቤት ጤነኛ መሆን ግዴታ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ሳል ቢኖርብዎ በደንቡ መሠረት እንደሌለ እንዲቆጠር፣ ራስዎን ቢያምዎ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲያምዎ ከልብ እመኛለሁ። ከላይ «ክቡር» ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል ብዕሬን ረገጥ አድርጌ ነው የጻፍኋት፤ ከጻፍሁም በኋላ መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አይቻታለሁ። ክ ናት። ይህን ያህል የተጠነቀቅሁበትን ምክንያት እርስዎ ያውቁታል፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋልና ለማያውቀው ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

እኔ በማተሚያ ቤትዎ በጽሑፍ አራሚነት የምትሠራው ሴት አባት ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት በር ልገጥም ብቻ ነው፤ ፊደልን ማንም ሳያስቆጥረኝ ራሴ ቆጠርሁ። ስለዚህ በአጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ በልጄ አያላክኩ፤ በእርሷ ላይ ያለው ይበቃታል።

የምጠይቅዎ ነገር አንድ ነው፤ ምስጋናዬ በዝቶ እንዳይጠፋብዎ ከፊት አስቀድመዋለሁ። ልጄን ወደ ወንበሯ ይመልሷት አልልም። ምሕረትም አልለምንም፤ ያልበደለ ሰው ምሕረት ምን ያደርግለታል? የምጠይቀው ከሰኞ ጀምሮ ከሚጸናው የስንብት ደብዳቤዋ ላይ «ሆን ብላ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንዲሰርዙ ነው። አራሚ ይሳሳታል፤ የተሳሳተ አራሚ ሌላ ማተሚያ ቤት ይቀጠራል። ሆን ብሎ የሚያሳስት አራሚ ግን ወጥ ውስጥ መርዝ እንደሚጨምር ምግብ አብሳይ ነው፤ ደጁን የሚከፍትለት የለም። ልጄ ከማንበብ ሌላ ሙያ የላትም።

የቀረው ምስጋና ነው። በደል ብዬ ልቆጥረው ነበር፤ ዳሩ ግን በቤትዎ የሚበደል ሰው እንደሌለ በሩ ላይ ተጽፎ ስላየሁ ምስጋና ብዬዋለሁ።

አንደኛ፣ «የሕመም ፈቃድ» የሚለውን ቃል ትርጉም ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬ፣ እኔ ሞኙ፣ ሰው ይታመምና እንዲያርፍ ይፈቀድለታል ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ አስቀድሞ ለመታመም ፈቃድ መጠየቅ ኖሯል። በደንብዎ መሠረት የታመመ ሠራተኛ ሥራ ሳይጀመር በአካል ቀርቦ ለሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው መታየት አለበት። መቅረብ ካልቻለ ያለ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል። መቅረብ ከቻለ ደግሞ፣ መምጣት የቻለ መሥራት አያቅተውምና ወደ ሥራው ይላካል። እኔ ብዙ በር ሠርቻለሁ፤ እንዲህ በውስጥም በውጭም የሚቆለፍ፣ ቁልፉ ግን የትም የሌለ በር ሠርቼ አላውቅም። እጅዎን ይባርከው።

ሁለተኛ፣ ስለ ኃላፊው አመሰግናለሁ። ሠራተኞቹ «ቴርሞሜትሩ» ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ሻይ የሞላ ብርጭቆ በሁለት መዳፉ አቅፎ ይቀመጣል፤ የታመመ ሰው ሲገባ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያንኑ መዳፍ ግንባሩ ላይ ያሳርፋል። በሻይ የጋለ እጅ የሚነካው ግንባር ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ዘዴ በማተሚያ ቤትዎ ትኩሳት ጠፍቷል።

ልጄ በታመመችበት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ አዛብታ ስትቆልፍ አይቼ «ዛሬ እንኳ ቅሪ» ብላት፣ «መታመሜን ሄጄ ካልተናገርሁ እንዴት እቀራለሁ፣ አባዬ?» ብላኝ ወጣች። ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ላይ ባልደረባዋን አገኘቻት። ይህች ባልደረባዋ ታይፒስት ነበረች፤ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲወርዱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዶፍ የወረደ ስለሚመስል ሁሉም «ዝናብ» ይሏታል፣ እኔም በሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ከልጄ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ስለሚቀመጡ ሳሉንም እንደ ማስመሪያና ላጲስ ተካፍለውታል።

ኃላፊው የዝናብን ግንባር ዳሰሰና «ምንም የለብሽም፤ እንዲያውም ቀዝቅዘሻል» አላት።

«ሬሳም ይቀዘቅዛል ጌታዬ» አለችው።

«በእግርሽ መጥተሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ በቃሬዛ ልምጣልዎት?»

«በቃሬዛ ከሆነ ለተሸካሚዎቹ የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል» አላት። መቀለዱ ይሁን የምሩን፣ ልጄ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሚዛንዎ አመሰግናለሁ። ሁለቱም በምሳ ዕረፍታቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ ሐኪሙ እስኪያገግሙ ቀላል ሥራ ይሥሩ ብሎ ጻፈላቸው። ኃላፊው ጉዳዩን አጥንቶ በማተሚያ ቤት ውስጥ ከፊደል የቀለለ ዕቃ እንደሌለ ደረሰበት። ወረቀት ይከብዳል፣ ቀለም ይከብዳል፣ ፊደል ግን ዐሥርም ሆነ ሺህ ምንም አይመዝንም። ስለዚህ ከቀላል ሥራ ወደ ቀላል ሥራ ተዛወሩ፤ ወንበራቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ክፍላቸው ከማተሚያው አዳራሽ በስተጀርባ ያለው መስኮት አልባ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ጮክ ካላሉ አይሰማም።

አራተኛ፣ ስለ ጥሪ ካርዱ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ የእኔና የእርስዎ ጉዳይ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ማተሚያ ቤትዎ ዓመቱን ሙሉ አንድም የሕመም ፈቃድ ሳይሰጥ በመዝለቁ «ከሕመም ነፃ ዓመት» የሚል በዓል ሊያከብር ተሰናድቶ ነበር። የጥሪውን ቃል እርስዎ በገዛ እጅዎ ጽፈው ወደ እነ ልጄ ክፍል አወረዱት። በእጅ የተጻፈ ነገር ሲመጣ የክፍሉ አሠራር እንዲህ ነው፤ አራሚዋ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ታይፒስቷ እየሰማች ትተይባለች። ሲያልቅ አራሚዋ የተተየበውን መልሳ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ታይፒስቷ ዋናውን ይዛ እየሰማች ታመሳክራለች። ጉሮሮና ጆሮ ጤነኛ ከሆኑ ነቀፋ የሌለው አሠራር ነው።

በዚያ ቀን የልጄ ጉሮሮ አብጦ ነበር። ምራቅ መዋጥ ያቃተው ጉሮሮ ክን ለማለት አይችልም፤ አየሩ መውጫ ያጣና ሲፈነዳ ቅ ሆኖ ይወጣል። የማያምን ሰው ጉንፋን ሲይዘው ይሞክረው። የዝናብ ጆሮዎች ደግሞ ተደፍነው ነበር።

«እቴ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ የጠቀጠቁብኝ ነው የሚመስለኝ፤ ጮክ በይ እንጂ» ትላታለች ዝናብ።

«ከዚህ በላይ ከጮኽሁ ጉሮሮዬ ተቀዶ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል።»

«ይውደቃ፤ እሱንም እተይበዋለሁ።»

ዝናብ የሰማችውን ተየበች። ቃል የማይሆነውን በልምዷ አቀናችው፤ «ቀሕመም» የሚባል ነገር የለምና «ከሕመም» አለችው፣ «አስቂያጅ» የሚባል ሹመት የለምና «አስኪያጅ» አለችው። ያመለጧት ቅ ሆነውም ትርጉም የሚሰጡት ብቻ ናቸው። «እዚህ ቦታ ይህ ትርጉም ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ትኩሳት የሌለበት ጭንቅላት ነው። ልጄ የተተየበውን መልሳ አነበበች፤ ቅ ያለበትን ቅ ስትል አፏን አልጎረበጣትም፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ አላለምና። ዝናብ ዋናውን ይዛ ሰማች፤ በተደፈነ ጆሮ ክና ቅ መንትያ ናቸው። «ልክ ነው» አለች አንዷ። «ልክ ነው» አለች ሌላዋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ካርዱ ታተመ፣ በወርቃማ ጠርዝ ተከፍፎ ለእንግዶችዎ ተበተነ። እንዲህ ይላል፦

«የተቀበራችሁ እንግዶቻችን፤ ቅቡር ዋና ሥራ አስኪያጃችን በሚገኙበት ከሕመም ነፃ የሆነው ዓመታችን በታላቅ ድምቀት ይቀበራል።»

ሰው ሳቀ። ሰው በመሳቁ አልፈርድበትም። እርስዎ ግን ይህን ስድብ ነው አሉ፤ የተሰደበ ሰው እንደሚያመው አውቃለሁና ሕመምዎን አልጠራጠርም፣ ፈቃድም አላስጠይቅዎትም። ብቻ እንደ አናጢ አንድ ነገር ልበል። እርስዎን ሊሰድብ ያሰበ ሰው እርስዎን ብቻ ይቀብራል እንጂ እንግዶቹንና ዓመቱን ጨምሮ አይቀብርም። ሦስት ቦታ ላይ ያው አንድ ፊደል በዚያው አንድ ፊደል ከተተካ መመርመር ያለበት ልብ ሳይሆን ጉሮሮ ነው። ሁሉም ጣውላ በአንድ በኩል ጠምሞ ከተቆረጠ፣ የምናየው መጋዙን ነው።

አምስተኛ፣ ስለ አበባው አመሰግናለሁ። የዝናብ ሳል ወደ ደረቷ ወረደ። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ እንዴት እንደምታቋርጥ ከላይ በአንደኛው ተራ ቁጥር ገልጫለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቁልፎቹ ድምፅ ሲቆም ልጄ ቀና ብላ አየች፤ ዝናብ ወንበሯ ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ነበር። ከማተሚያ ቤትዎ በቃሬዛ ወጣች። ለመውጣት የተሸካሚ ፈቃድ እንደማያስፈልግ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ጥቂት ሰንብታ ሞተች። ይህን ዓረፍተ ነገር ላስጊጠው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ሞተች ነው።

በቀብሯ ላይ ከእርስዎ ዘንድ የመጣ የአበባ ጉንጉን ነበር። ሪባኑ ላይ «ለክብርት ባልደረባችን» የሚል ታትሞበታል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ክ በቦታዋ ናት፣ ሕትመቱም ጥርት ያለ ነው። ያቺ ፊደል ዝናብን ያገኘቻት እዚያ ነው።

ልጄ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስሁም። ቤት ገብተን ሾርባ አሞቅሁ፣ በላን፤ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በካርዱ ጉዳይ ከሥራ የታገደችው ልጄ አልጋዋን ታነጥፋለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ምን ይሰማሻል ስላት «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ለቴርሞሜትሩ ትመልስለት የነበረው መልስ ነው። እኔም መልሱን ሰምቼ ሳልጨርስ ወደ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ።

ስድስተኛ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰበሰበበት ክፍል በር ማጠፊያው ተንጋዶ ስለማይገጥም አመሰግናለሁ። ልጄን ተከትዬ መጥቼ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ እንድቀመጥ ተደርጌ ነበርና፣ ለዚያ በር ምስጋና ይግባውና ሁሉን ሰምቻለሁ።

ስሕተቱ ሆን ተብሎ እንዳልተሠራ ልትመሰክር የምትችለው ዝናብ ብቻ ነበረች። ሰብሳቢው፣ ማለትም ቴርሞሜትሩ ራሱ፣ ስሟን ጠራ። መሞቷን ያውቃል፤ አበባውን ያዘዘው እርሱ ነው። ደንቡ ምስክር በአካል ቀርባ ታስረዳ ስለሚል ጠራት፤ ዝም ሲባል ቃለ ጉባኤ ያዡን «ተጠርታ አልቀረበችም በል» አለው።

«ሞታለች ልበል?» አለ ቃለ ጉባኤ ያዡ።

«ምክንያት ጻፍ አልተባልክም። አልቀረበችም በል።»

ቀጥሎ ካርዱ ማስረጃ ሆኖ ተነበበ። በዚያ ሰሞን ሰብሳቢው ራሱ ጉንፋን ይዞት፣ እርሱም ፈቃድ ሳይወስድ ሥራ ላይ ነበር፤ ስንት ግንባር የዳሰሰ እጅ እንደሆነ እናውቃለን። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና፣ «መባል የነበረበት እኮ ግልጽ ነው! ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነው! መባል የነበረበት…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «መባል የነበረበት ‹ቅቡር ሥራ አስኪያጃችን› ነው!» አለ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ።

«የቱን ልጻፍ?» አለ ቃለ ጉባኤ ያዡ።

«ያልኩትን ነዋ!»

«ያሉትንማ ከጻፍሁ ነገ የምቀመጠው በተከሳሽ ወንበር ነው፣ ጌታዬ።»

ሰብሳቢው ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞም ቅ ወጣ። በሦስተኛው ሳል ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ልጄ፣ ከዚያ በፊት ቃል ያልተነፈሰችው ልጄ፣ ቀስ ብላ «ትኩስ ሻይ ፉት ይበሉበት፤ ይለቅቅዎታል» አለችው። ለመዝለፍ አልነበረም። ያመመው ሰው ስታይ የምትለው ይህንኑ ነው።

ኮሚቴው ለሻይ ተነሣ። ከሻይ ሲመለስ ልጄ ሆን ብላ እንዳደረገችው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ወረቀቱ ግን ይኸው እጄ ላይ ነው።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ሆን ብላ ማድረጓን አምና ብትፈርም ስንብቱ ቀርቶላት በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ፈቅደዋል። ወረቀቱን ልከውላታል፤ የምትፈርምበትም ቦታ በነጠብጣብ ተመልክቷል።

ልትፈርም ነበር። ስላመነችበት ሳይሆን ግድ ስላልነበራት ነው፤ ሳህን እንደምታጥበው ልትፈርመው ነበር። እኔ ብዙ ነገር ላይ ግትር ነኝ፣ ግን ብዕሩን ከእጇ አልቀማኋትም፤ እጁ የእርሷ ነው። ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። ብዕሩን ነጠብጣቡ ላይ አሳርፋ ቆየችና ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ እኔ ሆን ብዬ ካነበብሁ፣ ዝናብም ሆን ብላ ተየበች ማለት አይደል?»

«ነው» አልኋት።

ብዕሩን ከደነችው። «እሷን እንኳ ይተዋት» አለች፤ ተነሥታም መስኮቱን ከፈተች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እነዚያን ሁለት ቃላት የሚሰርዙት ከአንድ ሰው ላይ ሳይሆን ከሁለት ሰዎች ላይ ነው። አንዷ ታመሰግንዎ ይሆናል። ሌላዋ ተጠርታ አትቀርብም።

ሰኞ ጠዋት ልጄ ሥራ ሳይጀመር በአካል ትቀርባለች። ወረቀቱን ሳትፈርም ትመልስልዎታለች። ግንባሯን መዳሰስ አያስፈልግም፤ ድናለች፣ ወይም በእርስዎ ቤት መዳን የሚባለውን ሆናለች። እኔም አብሬያት መጥቼ ያው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ያን በር ማቃናት ለእኔ የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። አላቃናውም፤ እንዲሁ ሳይገጥም ይሻለኛል።

የሰጡኝን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይስጥዎ እያልሁ፣ በሻይ ብርጭቆ የጋለ እጅም ከግንባርዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በክ በሚጻፈው አክብሮት፣ እጅ እነሣለሁ።

የአራሚዋ አባት፣
ከዝናብ ቀባሪዎች አንዱ፣
ጡረተኛ አናጢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ግልባጩን ልጄ እንድታርመው ሰጥቻት ጮክ ብላ አንብባዋለች። ከዚያ ካርድ ወዲህ ጮክ ብላ ስታነብ ገና መጀመሪያዋ ነው፤ ፊት ለፊቷ ሆኖ የሚያመሳክርላት ሰው ስለሌለ እኔ ዋናውን ይዤ ሰማኋት። እያንዳንዷ ክ፣ ክ ሆና ወጥታለች። እንግዲህ እርስዎ ለጸሐፊዎ ጮክ ብለው ሲያነቡላት ከላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ቃል ሌላ ሆኖ ቢወጣብዎ፣ በዚህ ቤት ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ታመዋል ማለት ነው። ቤትዎ ገብተው ይተኙ። በአካል መቅረብ አያስፈልግዎትም። እኔ ፈቅጄልዎታለሁ።